የመብራት ቤቱ ኔጋቲቭ

አዴላ ሩዚችካ ከነብራስካ የበቆሎ እርሻ ወጥታ ሆሊውድ ስትገባ ተዋናይ ልሁን አላለችም። ልብስ ስፌት ታውቃለች፤ እጇ አይንቀጠቀጥም። ለኔጋቲቭ ቆራጭ፣ ኮፒ ሁሉ የሚታተምበትን ዋናውን ፊልም ቆርጦ ለሚቀጥል ሰው፣ የሚያስፈልገውም ይኸው ነው። ሃያ ዓመት ነጭ የጥጥ ጓንት አጥልቃ፣ የፊልሙን ጫፍ በምላጭ እየፋቀች፣ በማጣበቂያ እየቀጠለች ኖረች። ባሏን ቀበረች፣ ሁለት ሴት ልጆች ዳረች፤ እሷ የነካችው ፊልም ግን አንድም ቀን ተቧጭሮ አልወጣም።

በ1941 ስቱዲዮው ከአሥር ዓመት በፊት የሠራውን አስፈሪ ፊልም እንደ አዲስ ሊሠራው ተነሣ። ታሪኩ ከአንድ አሮጌ ልብ ወለድ የተወሰደ ነው፤ ባሕር ውስጥ ያሰመጡት፣ ለመርከቦች መንገድ የሚያሳይ የመብራት ቤት ጠባቂ ከሞት ተነሥቶ ገዳዮቹን ይበቀላል። የድሮውን የቆረጠችው አዴላ ነበረች። አንድ ጠዋት የሥራ ኃላፊው ዴልበርት ክሪል ዋናውን ኔጋቲቭ በቆርቆሮ ጣሳው ይዞ መጣ።

«መብራት ቤቱ የሚቃጠልበትን ቆርጠሽ ከአዲሱ ጋር ቀጥዪልኝ። ሌላ መብራት ቤት ሠርተን አናቃጥልም።»

«ኮፒ ይሠራለትና እሱን እቆርጣለሁ።»

«ኮፒው ይደበዝዛል። ዋናውን ቁረጪ!»

«ሚስተር ክሪል፣ መቀስ ባረፈበት ሁሉ ምስል ይበላል። አንዴ ከወጣ እንደ ነበረ አይመለስም። የድሮው ፊልም ሞተ ማለት ነው።»

«ይሙት እንግዲህ! አዲሱ እያለ ማን ያየዋል?»

«ማንም ባያየው እኔ አልገድለውም።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ቆራጭ ነሽ ወይስ ባለቤት?»

«ቆራጭ።» መቀሱን ወደሱ ገፋችው። «ባለቤቱ እርስዎ ነዎት፤ ይቁረጡት።»

ከጎኗ የምትሠራው አይዳ ጓንቷን አውልቃ ወረወረችለት። «በባዶ እጅ እንዳይነኩት ብዬ ነው።» በክፍሉ ውስጥ የሚቆርጡት ሌሎች ሦስት ሴቶችም ጓንታቸውን አወለቁ።

ክሪል በግድ አጠለቀውና ፊልሙን መብራት ላይ ዘረጋ። እሳቱን ፈለገ፣ ፈለገ። ነጭ የሆነውን ይዞ መቀሱን ደቀነበት።

«እሱ የሌሊቱ ሰማይ ነው» አለች አዴላ። «ኔጋቲቭ ላይ ብርሃንና ጨለማ ይገለበጣሉ፤ እሳት ጥቁር ነው።»

አይዳ ሳቋ አመለጣት። የክሪል ፊት በርበሬ መሰለ።

«ሁላችሁንም አባርራለሁ!»

«ያባርሩን። አዲሱ ፊልም ቅዳሜ ማለቅ አለበት፤ ማን ይቆርጥልዎታል?» አለች አዴላ።

ክሪል ሴቶቹን አየ። አንዷም ጓንቷን አላነሣችም። መቀሱን ጥሎ ስልኩን አነሣ። «ላብራቶሪ? የመብራት ቤቱን ኮፒ አውጡልኝ። መቼ ይደርሳል? ሐሙስ? ይሁን!» ብሎ ዘጋው።

«ሐሙስ እቆርጣለሁ» አለች አዴላ። ኔጋቲቩን በጥንቃቄ ጠቅልላ ጣሳው ውስጥ ከተተች፤ ጣሳውንም ታቅፋ ተነሣች። «ላብራቶሪ የማደርሰው፣ ግምጃ ቤትም የምመልሰው እኔ ነኝ። ሌላ እጅ አይነካውም። በሩን ይክፈቱልኝ።»

ክሪል ከፈተላት።