ትዕዛዝ በቃላቸው የሚይዙት አስተናጋጅ

በዚያ ረቡዕ ምሳ ላይ፣ ጅግጅጋ እሠራበት በነበረው ምግብ ቤት ውስጥ የነበርነውን በቅድሚያ ልጥቀስ። የቤቱ ባለቤት፣ በሶማሊኛ አክስቴ እንደማለት ሁላችንም «ኤዶ» የምንላቸው ሴት። ወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ምግብ አብሳይዋ። በሩ አጠገብ አንድ የሚጾም መምህር፣ ከጎኑ የቶጎጫሌ ሚኒባስ ሾፌር። ከኋላቸው ፊታቸው የጠፋብኝ እንግዶች። ጭማቂ መፍጫው ጋ እኔ። በመካከላችን ደግሞ ጋሼ፣ አስተናጋጁ።

ጋሼ ወረቀት አይዙም ነበር። የሦስት ጠረጴዛ ትዕዛዝ በአንድ ዙር ሰምተው፣ ወደ መስኮቱ እየሄዱ አማርኛና ሶማሊኛ እየቀላቀሉ ይጠሩታል፤ ሩዝ በፍየል ሥጋ ለማን፣ ፓስታው ያለ ሚጥሚጣ ለማን፣ የጾሙ ለማን እንደሆነ። መንገድ ላይ ሳሉ አንዱ ሐሳቡን ቢቀይር እንኳ መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ተስተካክሎ ነበር።

የወፈሩት ቀስ በቀስ ነው። ደንበኛው ይወዳቸዋል፤ ሳህን አስቀምጠው ዞር ከማለታቸው በፊት «ጋሼ፣ ይቅመሱልኝ» ይባላሉ፤ እምቢ ማለት አይሆንላቸውም። ከአንዱ ጉርሻ፣ ከሌላው ስኳር የበዛበት ሻይ። በኮሮና ጊዜ ተዘግቶ የነበረው ቤት ሲከፈት የሸሚዛቸው ቁልፎች አልገጥም ብለው ነበር። ከሰዓት በኋላ ቁጭ ባሉበት ያንኮራፉ ጀመር።

ያን ረቡዕ ሩዝ በሥጋውን መምህሩ ፊት፣ ምስሩን ሾፌሩ ፊት አስቀመጡ።

መምህሩ ሳህኑን እያየ፣ «ጋሼ፣ ዛሬ ሊያስገድፉኝ ነው?» አለ።

«ትዕዛዙን የሰማው ሆዳቸው ነው እንጂ ጆሯቸው አይደለም» አለ ሾፌሩ።

«አንተ ቶጎጫሌ ላይ ተሳፋሪ ረስተህ የመጣኸውን አውራ እንጂ» አሉት ጋሼ።

ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም። ሁለቱን ሳህኖች አነሱ፤ አለዋውጠው ማስቀመጥ ብቻ ሲገባቸው፣ ይዘዋቸው ቆሙ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄደው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ምን ነበር ያልኩሽ?» ብለው አብሳይዋን ጠየቁ። ጋሼ እንዲህ ሲጠይቁ ሰምቼ አላውቅም።

ኤዶም ሰምተዋል። «ደክመዋል» አሉ። «ወንበር ይምጣላቸውና በሩ ላይ ተቀምጠው እንግዳ ይቀበሉ። እድሜያቸውን ሙሉ ቆመው ኖረው!»

«እኔ እየሄድኩ ነው የማስታውሰው» አሉ ጋሼ።

«አሁንማ ይረፉ።»

ሁላችንም ደግ ሐሳብ ነው አልን፤ ወንበሩም መጣ። መከራከራቸውን ሥራ የለመደ ሰው ኩራት አድርገን ወሰድነው።

ወንበሩ ላይ ሆነውም ጉርሻው አልቀረም፤ አሁን የሚያመልጡበት እግር እንኳ አልነበራቸውም። ይበልጥ ወፈሩ። አንድ እንግዳ ተቀብለው፣ ያው ሰው እጁን ታጥቦ ሲመለስ እንደ አዲስ «እንኳን ደህና መጡ» ይሉት ጀመር። በመጨረሻ ልጃቸው ከደገሀቡር መጥታ ወሰደቻቸው።

እኔ ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ የማነበው ባገኘሁበት ነው። በኋላ ይህን ጉዳይ ስፈልግ፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ነገርን ለአጭር ጊዜ በአእምሮ ይዞ ከመሥራት አቅም ጋር እንደሚያያዝ አነበብኩ። የትኛው የትኛውን እንደሚያመጣ የሚጽፉትም ገና እርግጠኛ አይደሉም። በማንኮራፋት የሚቆራረጥ እንቅልፍ፣ ስኳርና የደም ግፊት፣ ዕድሜም ድርሻ አላቸው። ስለዚህ የጋሼን መርሳት ውፍረታቸው አመጣው ለማለት አልደፍርም። መንቀሳቀስ ግን ለአእምሮም እንደሚበጅ ደጋግሜ አንብቤያለሁ። ጋሼ የነበራቸው እንቅስቃሴ ከጠረጴዛ እስከ መስኮት ያለው ምልልስ ብቻ ነበር፤ እሱን በፍቅር ወሰድንባቸው። ሐኪም ይያቸው ያለ አንድም ሰው አልነበረም። ጉርሻው ይቅርላቸው ያለም አልነበረም።

ጋሼ መጀመሪያ ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ አንድ ነገር ተናግረዋል። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፤ ቃሉን ግን የመፍጫው ድምፅ ዋጠብኝ። አብሳይዋ «እሺ ነው ያሉት» ትላለች፤ እኔ ከዚያ የረዘመ ይመስለኛል። በዚያ ምሳ ላይ በሩ አጠገብ የነበራችሁ ሰምታችሁ ከሆነ ንገሩኝ። እኔ የሳትኩት ነገር ካለም አርሙኝ።