የደንጎራው ባለጃንጥላ

አቶ አብተው የአዳማ እህል ነጋዴ ነበሩ። ከቦሰት ገበሬ ጤፍና ማሽላ እየገዙ በባቡር ወደ አዲስ አበባ መላክ ከጀመሩ አሥራ አምስት ዓመት ሊሞላቸው ነው። እህላቸው በየሳምንቱ ዋናው ከተማ ይገባል፤ እሳቸው ግን ከለገሃሩ አልፈው ከተማውን በቅጡ አይተውት አያውቁም። ጆንያውን ያስረክቡና በሚመለሰው ባቡር ይመለሳሉ። ሥራ ያለው ሰው በየመንገዱ አይዞርም የሚል እምነት ነበራቸው።

ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ በጫኑበት ዓመት ግን ይህ እምነታቸው ላላ። አዳማ ውስጥ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ወሬው ስለ አዲስ አበባ ሆነ፤ ስለ ሐውልቱ፣ ስለ ቤተ መንግሥቱ፣ ስለ ባዕታ ጉልላት። ያላየው ሰው ዝም ብሎ ከማድመጥ በቀር ድርሻ የለውም። አቶ አብተው ደግሞ ዝም ብሎ ማድመጥ አልለመዱም። የከተማው ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ አሠሪው እሳቸው፣ የማኅበሩ ሰብሳቢ፣ ሙሴው፣ እሳቸው፣ ሰው ሲጣላ አስታራቂው እሳቸው ነበሩ። ስለዚህ ጥምቀት እንዳለፈ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ዘርፉን አስከትለው አገር ሊያዩ ተነሡ። ጎረቤታቸው ጨው ነጋዴው ኑሬም ይህን ሲሰማ፣ ቤተ መንግሥት ማየት የክርስቲያን ብቻ ሆነ እንዴ ብሎ ቲኬቱን ቆረጠ። የአሥራ አራት ዓመቷ የአቶ አብተው ልጅ መሰለች ቤት እንድትጠብቅ ቀረች።

ሦስት ቀን ሙሉ ዞሩ። በወርቅ የተለበጠውን ፈረስና ጋላቢውን ንጉሥ የሚያሳየውን ሐውልት አዩ፤ ኑሬ ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ዞሮ፣ ይህ ፈረስ ከኛ አገር ፈረስ ሁሉ ይበልጥ በልቷል አለ። ባዕታ ሲደርሱ ወይዘሮ ዘርፉ ጉልላቱ ላይ ያለውን ዘውድ ቀና ብለው ሲያዩ ነጠላቸው ከራሳቸው ወደቀ። በቤተ መንግሥቱ በር ዘበኛው ከሩቅ እንዲያዩ ብቻ ፈቀደላቸው። ለዘውዱ በዓል መንገድ ላይ የቆመ ትልቅ ቅስት ድንጋይ መስሏቸው አቶ አብተው በጃንጥላቸው እጀታ ቢያንኳኩት ድው አለ፤ እንጨትና ሸራ ነበር። በአደባባይ እንዲህ ያለ ነገር ይቆማል ብለው አያስቡም ነበርና እስኪመሽ ያንኑ ሲያነሡ ዋሉ። ያቺ ጃንጥላ ከእጃቸው አትለይም። ጥቁር ናት፣ እጀታዋ የታጠፈ፤ ለፀሐይም ለዝናብም ትሆናለች፤ ይበልጡን ግን የምትያዘው ለክብር ነበር።

ሊመለሱ ሲሉ ያደሩበት ቤት ባለቤት፣ ቡዜ የሚባሉ ጨዋታ አዋቂ ሴት፣ የት የት እንደደረሱ ጠየቋቸው። ሁሉን ከሰሙ በኋላ ሳቁባቸው።

«የሞጆውን ደንጎራ ጊዮርጊስን ሳታዩ ነው አገር አየን የምትሉት? ደጃችሁ ሆኖ! ሰው ከዚህ ድረስ በባቡር ይሄድለታል እኮ። ባለጃንጥላውን ሳያዩ እንዳይገቡ፣ አቶ አብተው።»

ባለጃንጥላው ማን ነው ቢሏቸው፣ ደርሳችሁ እዩት አሏቸው። ሞጆ ላይ እንወርዳለን ብለው የወሰኑት አቶ አብተው ናቸው። ወይዘሮ ዘርፉ ደክሟቸው ነበር፤ ባላቸው ግን የቀረ ነገር አለ ተብሎ እንዲነገርባቸው አልፈለጉም።

ከሞጆ ጣቢያ አንድ ሰዓት ያህል በእግር ሄደው ኮረብታው ላይ ደረሱ። ኑሬ ከቅጥሩ ውጭ አንድ ግራር ሥር ተቀመጠና፣ እናንተ ግቡ፣ እኔ ዕቃውን እጠብቃለሁ፣ ስትወጡ ያያችሁትን ንገሩኝ አላቸው። አቶ አብተው ጫማቸውንና ጃንጥላቸውን እሱ ዘንድ ትተው፣ ከባለቤታቸው ጋር በሩን ተሳልመው ገቡ።

መሪጌታ ተክለሃይማኖት የሚባሉ የደብሩ ሰው ለእንግዳ ሁሉ ሥዕሉን የሚያሳዩ ነበሩ። በዚያን ቀን ደርዘን የሚያህል ሰው ተከትሏቸዋል። በአገራችን ሥዕል ጻድቅ ፊት ለፊት ሁለት ዓይኑን ከፍቶ ያያል፤ ኃጢአተኛ ግን በጎኑ ይሣልና አንድ ዓይን ብቻ ነው የሚኖረው። መሪጌታው ይህን እያስረዱ፣ በቀጭን ሸምበቆ እየጠቆሙ፣ ከእመቤታችን ወደ መላእክት፣ ከመላእክት ወደ ሰማዕታት ወሰዷቸው። በሰሜኑ በኩል፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ በመንኮራኩር ታስሮ ሲሰቃይ የሚታይበት ዘንድ ሲደርሱ ድምፃቸው ከፍ አለ።

«ይኸውላችሁ ባለጃንጥላው» አሉ።

መንኮራኩሩን ከሚያዞሩት ወታደሮች ኋላ፣ ካባ የደረበ፣ ባርኔጣ የደፋ፣ ሸበቶ ጢም ያለው አንድ ትልቅ ሰው ቆሟል። እሱ ራሱ ሰማዕቱን አይነካም። በአንድ እጁ ጥቁር ጃንጥላ ይዟል፤ በሌላው እጁ እየጠቆመ ሌሎቹን ያዛል። አፍንጫው ቀጥ ያለ፣ ትከሻው ትንሽ ወደ ፊት ያዘነበለ ነው። እንግዶቹ ሳቁ። አንዲት ሴት በጊዮርጊስ ዘመን ጃንጥላ ነበር ወይ ብትል፣ መሪጌታው ሠዓሊው ያየውን ነው የሣለው ብለው መለሱላት። ያችው አንዲት ዓይኑም በምስማር ተፍቃ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ሸራ ነጥቶ ይታያል። ተዉ ብላቸው ማን ይሰማኛል አሉ መሪጌታው፤ የመጣው ሁሉ እሱ ላይ ነው እጁ የሚያርፈው።

አቶ አብተው አልሳቁም። ካባውም ጢሙም ትከሻውም የራሳቸው መሰላቸው። ጃንጥላቸው ደጅ እንደሆነች እያወቁ ቀኝ እጃቸውን አዩ። ወደ ባለቤታቸው ዘወር ሲሉ፣ ወይዘሮ ዘርፉ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጠቅልለው የሚያዩት ሥዕሉን ሳይሆን እሳቸውን ነበር።

ማን ነው የሣለው ብለው መሪጌታውን ጠየቁ። አለቃ ገሠሠ የሚባሉ የጎጃም ሰው ናቸው፣ አሁንም የቅዳሴው ኅብስት ከሚጋገርበት ከቤተልሔሙ ጀርባ ቀለም ይፈጫሉ አሏቸው።

አቶ አብተው ስሙን ያውቁታል። ከስምንት ዓመት በፊት አለቃ ገሠሠን ወደ አዳማ ያመጡት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ። አዲሱን ቤተ ክርስቲያን እንዲሥሉ አስመጥተው ግቢያቸው ውስጥ አንዲት ጎጆ ሰጧቸው። ያኔ መሰለች የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ቀለም ሲበጠበጥ ለማየት ከዚያች ጎጆ ደጅ አትጠፋም። በመስከረም አንድ ቀን፣ ቀትር ላይ ልጅቷ ተንቀጠቀጠች፣ ነደደች፣ ቃዠች። ጎረቤት ተሰበሰበ። እንደ ልማዱ አጥነዋት፣ ማን በላሽ፣ ማን በላሽ እያሉ ቢጨቀጭቋት፣ በመጨረሻ ባለቀለሙ አለች።

አቶ አብተው ሌላ ቃል አልጠበቁም። ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ሄደው፣ መወጣጫ ላይ ቆመው የሚሠሩትን ሰው እያመለከቱ፣ አርባ ሰው በሚያህል ሕዝብ ፊት ቡዳ ነው፣ አውርዱልኝ አሉ። አወረዱላቸው። ጎትተው አምጥተው ታማሚዋ ላይ እትፍ እንዲሉ አስገደዷቸው፤ ቡዳ የበላውን የሚለቀው እንዲያ ነው ይባላል። ከዚያም ቀለማቸውን እንኳ ሳይዙ በዝናብ ከከተማው አስወጧቸው።

መሰለች ዳነች። በዓመቱ ግን ያው መንቀጥቀጥ ተመልሶ መጣ፤ የባቡሩ ሐኪም ንዳድ ነው ብሎ ኪኒን ሰጣት። ቀጥሎ ወይዘሮ ዘርፉን፣ ከዚያም አቶ አብተውን ራሳቸውን ያው ንዳድ ጣላቸው። ልጅቷን የበላት ቡዳ እንዳልነበረ ያኔ ገባቸው። ግን ለማን ይናገሩት? ሙሴነቱ፣ ሽምግልናው፣ ሲያልፉ ሰው ከመቀመጫው መነሣቱ፣ ሁሉም የቆመው በቃላቸው ላይ ነበር። እሳቸውም ዝም አሉ፣ ወይዘሮ ዘርፉም ዝም አሉ፤ ዝምታው ሰባት ዓመት ሞላው። አሁን ግን ነገሩ ግድግዳ ላይ ወጥቷል። ሞጆ ለአዳማ ሩቅ አይደለችም። አንድ ቀን አንድ የሚያውቃቸው ሰው መጥቶ ይህን ሥዕል ያያል፣ ያን ጊዜ ስማቸው አለቀለት።

ብቻቸውን ወደ ቤተልሔሙ ጀርባ ሄዱ። አለቃ ገሠሠ መሬት ላይ ተቀምጠው በድንጋይ ቢጫ አፈር ይፈጫሉ። እንግዳ ሲያዩ በትሕትና ተነሡ። አቶ አብተው ሰላምታ አላቀረቡም።

«ፊቴን ከዚያ ግድግዳ ላይ ያንሡልኝ» አሉ። «የፈለጉትን ይዘዙኝ።»

አለቃ ገሠሠ እጃቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ቀርበው አዩዋቸው።

«ጌታዬ፣ የየት አገር ሰው ነዎት?»

«አያሹፉብኝ። አብተው ነኝ፣ የአዳማው።»

«አዳማ» አሉ አለቃ ገሠሠ፣ እያሰቡ። «ግድግዳውን አስታውሰዋለሁ፤ ጥሩ ልስን ነበር። እርስዎን ግን አላወቅሁዎትም።»

አቶ አብተው ጆሯቸውን አላመኑም። ካባውስ፣ ጢሙስ፣ ጃንጥላውስ አሉ።

«ዛሬ ጃንጥላ የማይዝ ትልቅ ሰው የት አለ? በኅዳር አንድ ዳኛ መጥተው፣ እኔ ነኝ፣ አጥፋኝ አሉኝ። በገና ሰሞን ደግሞ አንድ ባለ ወፍጮ መጡ። እርስዎ ሦስተኛው ነዎት። እኔ ከአራት አገር ቡዳ ተብዬ ተባርሬአለሁ፣ የቱ የት እንደሆነ ይምታታብኛል። ያባረሩኝን ሰዎች ፊት አላውቀውም። እኔ መሬት መሬት ነበር የማየው።»

ይህ ከሥዕሉ ይበልጥ አስደነገጣቸው። ሰባት ዓመት ሙሉ፣ አንድ ሰው የሆነ ቦታ ተቀምጦ ፊቴን እያስታወሰ ይረግመኛል ብለው ኖረዋል። ለካ ለዚህ ሰው ከብዙዎቹ አንዱ ነበሩ። ግድግዳው ላይ ያለውም እሳቸው አልነበሩም። ይቅርታ፣ ተሳስቻለሁ ብለው ወደ ባቡሩ ቢሄዱ የሚይዛቸው አልነበረም።

«ዳኛውንም ባለ ወፍጮውንም ምን አድርገውኝ ነው ብዬ ጠይቄአቸው ነበር» አሉ አለቃ ገሠሠ። «ሳይነግሩኝ ሄዱ። እርስዎስ ምን አድርገውኝ ነው?»

አቶ አብተው ካባቸውን ሳይሰበስቡ አፈሩ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ሁሉን ነገሯቸው፤ ልጅቷን፣ ጢሱን፣ መወጣጫውን፣ አርባውን ሰው፣ በኋላም ኪኒኑንና ዝምታውን። ለማሳመር አልሞከሩም። አለቃ ገሠሠ አንድ ጊዜም አላቋረጧቸው፤ ሲጨርሱ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ልጅቱ ዳነች?»

«ዳነች። ንዳድ ነበር።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ወደ አፈራቸው ተመለሱ። አቶ አብተው ግን አልተነሡም። ስለ ሥዕሉ ደግመው ጠየቁ፤ ባይሆን ጃንጥላዋ ብቻ ትጥፋ አሉ።

«ሥዕሉ የእርስዎ አይደለም፣ ከእሱ ምን አለዎት? ቡዳ ያሉኝም እዚህ አይደለም፣ አዳማ ነው።»

ወደ ግራሩ ሲመለሱ ኑሬ ለፀሐዩ ጃንጥላዋን ዘርግቶ ተቀምጧል። «ከውስጥ የወጣው ሁሉ እኔን እያየ ይስቃል» አለ። «ይህን ይዤ የማን ኃጢአት ነው የተሸከምኩት፣ ኦቦ አብተው?»

«የኔን» አሉት።

ኑሬ ሊስቅ ጀምሮ ፊታቸውን ሲያይ ተወው። በባቡሩ አዳማ ሊገቡ ሲሉ ወይዘሮ ዘርፉ፣ ለመሰለች ማን ይነግራታል ብለው ጠየቁ። አቶ አብተው ተነሥተው ዕቃቸውን ማውረድ ጀመሩ።

በሚቀጥለው እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ አቶ አብተው ደረጃው ላይ ቆሙ። የማኅበር ጉዳይ የመሰለው ሕዝብ ተጠጋ። እሳቸው ግን ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዱ። አለቃ ገሠሠ ቡዳ አይደሉም፣ አልነበሩም፤ ልጄ በትኩሳት ቃዥታ ባለቀለሙ ብትልም የጣላት ንዳድ ነው፣ እኔም ይህን ካወቅሁ ሰባት ዓመት ሆኖኛል አሉ። ያን ቀን እጃቸውን ዘርግተው ሰውዬውን የጎተቱት ብዙዎቹ እዚያው ቆመው ነበርና አንገታቸውን ደፉ። አንድ ሽማግሌ፣ ያለፈ ነገር ነው፣ ይተውት ይውረዱ ብለው እጃቸውን ሊይዟቸው ሞከሩ።

መሰለች ሴቶቹን እየገፋች ደረጃው ሥር ደረሰች። ፊቷ አመድ መስሏል። ይህን ታሪክ በሕይወቷ ሰምታው አታውቅም።

«አባዬ፣ ባለቀለሙ ነው ያልኩት እኔ ነኝ?»

አቶ አብተው ወደ ሕዝቡ ሳይሆን ወደ እሷ ዞሩ።

«አንቺ ትኩሳት ላይ ነበርሽ» አሏት። «ቡዳ ነው ያልኩት እኔ ነኝ።»

ከኋላ የቆሙት አልሰማንም አሉ። አቶ አብተው ደግመው ተናገሩት።