የእትዬ ሸምሲያ ተረከዝ

ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ስንት ጊዜ ፊታቸው ተንበርክኬ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር ይህቺን አልፌያት ተነሥቻለሁ። አሁን ግን ደከመኝ። መሸከሙ ደከመኝ።

ነርስ ነኝ፤ ቡታጅራ ውስጥ በአንድ የግል ክሊኒክ ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ። እትዬ ሸምሲያ ከመስቃን ገጠር በርበሬ ይዘው ለገበያ የሚመጡ፣ ከሩቅ በሳቃቸው የሚታወቁ ሴት ነበሩ። አንድ የገበያ ቀን ተረከዛቸው ላይ የወጣ ጥቁር ነገር አሳዩን። ቀለም የፈሰሰበት ይመስላል፤ ጠርዙ ወጣ ገባ ነው።

«እሾህ ወግቶኝ ይሆናል፤ አያመኝም እኮ» አሉ።

ሐኪማችን ግን ጎንበስ ብሎ ብዙ አየው። ከዚያ ትንሽ ቆርጦ ሥጋው እንዳይበላሽ የሚያቆይ ፎርማሊን ያለበት ብልቃጥ ውስጥ ከተተና ለእኔ ሰጠኝ። ለምርመራ አዲስ አበባ የምልከው እኔ ነበርኩ።

አልላክሁትም።

የመስቀል ሰሞን ነበር። ልቤ ጥያ ወላጆቼ ጋ ሄዷል። ብልቃጡን ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጬ፣ ስመለስ እልከዋለሁ ብዬ ተሳፈርኩ። ስመለስ ክዳኑ በደንብ አልተዘጋም ኖሮ ፈሳሹ ፈስሶ አልቋል፤ ሥጋው ደርቆ ኩርምት ብሏል። ክዳኑን የዘጋው ማን ነበር? እኔ። ለሐኪሙ መናገር ነበረብኝ፤ ፈራሁ። እሱም በዚያው ሰሞን ሥራ ለቆ ሌላ ከተማ ሄደ። ተገላገልኩ ብዬ ብልቃጡን ጣልኩት።

እትዬ ሸምሲያ ውጤት ሊጠይቁ መጡ። «ተበላሽቶብኛል፤ እንደገና ይቆረጥ» ብል ምን ነበረበት?

«ንጹሕ ነው» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ! አላህ ይስጥሽ ሲስተር» ብለው እጄን ሳሙኝ። እጄን አልሰበሰብኩም።

ዓመት ሊሞላ ሲል ልጃቸው ፎዝያ ደግፋ አመጣቻቸው። ተረከዛቸው ቆስሎ ይደማል፤ ብሽሽታቸው አብጧል። አዲስ አበባ ተላኩ። ሜላኖማ የሚባል የቆዳ ካንሰር ነው ተባሉ። ብዙ ሰው ላይ የማይታይ፣ እንደ እኛ ጠቆር ያለ ቆዳ ባለው ሰው ግን ውስጥ እግርና ጥፍር ሥር የሚደበቅ ዓይነት ነው። ተረከዛቸው ተቆረጠ፤ ብሽሽታቸው ተከፍቶ እብጠቱ ወጣ። ኬሞ የሚሉት የካንሰር መድኃኒትም አስመለሳቸው እንጂ በሽታውን አላቆመውም። የሰውነትን መከላከያ የሚቀሰቅስ አዲስ መድኃኒት እንዳለም ሰምተው ነበር፤ ለእሳቸው ግን አልተገኘም።

ከዚያ በኋላ ቁስላቸውን የማጥበው እኔ ሆንኩ። አንድ ቀን እንዲህ አሉኝ፦

«ያ የአዲስ አበባው ዶክተር መጀመሪያውኑ ቢታወቅ ቆርጦ ማውጣቱ ብቻ ሊበቃ ይችል ነበር አለኝ። የለም፣ የኛ ሲስተር ያኔውኑ አስመርምራልኛለች፤ በሽታው ኋላ የመጣ ነው አልኩት።»

ጥብቅና ቆሙልኝ። ለእኔ! እግራቸው ጭኔ ላይ ነበር፤ ፋሻውን እየጠቀለልኩ አንገቴን ደፋሁ። ያን ጊዜ እንኳ ለምን አልተናገርኩም? ከዚያ የቀረበ ቦታ የት ላገኝ ነበር?

በበልጉ ዝናብ ሞቱ። ለቅሶ ሄድኩ። ፎዝያ ከሴቶቹ መሀል ተነሥታ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ።

«ሲስተር፣ እውነቱን ንገሪኝ» አለች። «ቁስሉ ሲጀምራት በርበሬ ኩትኳቶ ላይ ነበርን፤ ትንሽ ቆይቼ ነው ያመጣኋት። ያንቺ ምርመራ ጊዜ ግን ንጹሕ ነበር አይደል?»

«ንጹሕ ነበር።»

«እንግዲያ እናቴን የገደልኳት እኔ ነኛ» ብላ ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች። አቅፌ አባበልኳት። አባበልኳት እንጂ አልተናገርኩም።

የመጀመሪያውን ውሸት ከድንጋጤ ነው ልል እችል ይሆናል፤ ምን እንደሚያስከትል አልገባኝም ነበር ልል እችል ይሆናል። ሁለተኛውን ግን ሁሉን እያወቅሁ፣ ዐይኗን እያየሁ ነው የዋሸሁት። ስለዚህ እናንተ ይቅር አትበሉኝ። ይቅርታው የእናንተ አይደለም፤ የፎዝያ ነው። እሷ ደግሞ እስከ ዛሬ የእኔን በደል የራሷ መስሏት ተሸክማ ትዞራለች።