ያልተናገርኩት የ«ጌት» ትርጉም

ዳንግላ አስረኛ ክፍል ሳለሁ የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን በቅዳሜ ማጠናከሪያ ላይ የሚያሰቃየን አንድ ዘዴ ነበረው። «ጌት» (get) የምትለዋን የእንግሊዝኛ ቃል ሰሌዳው ላይ ይጽፍና በሩ ላይ ወንበር ስቦ ቁጭ ይላል። ሌላ ሰው ያላለውን ትርጉም የተናገረ ይወጣል፣ ያልተናገረ እዚያው ይውላል። ቃሏ ደግሞ ጉደኛ ናት፤ ማግኘት ትሆናለች፣ መድረስ ትሆናለች፣ መረዳት ትሆናለች፤ ሌላ ቃል ሲለጠፍባት ደግሞ መነሳትም ማግባትም ናት።

የዚያን ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ስልክ እንኳ ሳይደውል ከገጠር ወደ ተከራየሁባት ክፍል መጣ። ስንቅ አልያዘልኝም። ሽማግሌ ተልኮበት እሺ ብሏል፤ ከሰዓት በጋሪ ይዞኝ ሊሄድና ከፋሲካ በኋላ ሊድረኝ ነው። ፈተናዬስ ብዬ ብጠይቀው «ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ ምን ላድርግ» አለ። ጓደኞቼን ልሰናበት ብዬ ለምኜው ትምህርት ቤት ገባሁ። ሌላማ የት አባቴ ልሄድ?

እሱ አጥሩ ሥር ተቀምጦ ይጠብቀኛል፣ እኔ ውስጥ ነኝ። ልጆቹ እየመለሱ አንድ በአንድ ወጡ። ከጋሪ መውረድም በዚችው ቃል እንደሚነገር ከመጀመሪያው አውቃለሁ፤ ማንም አላነሳውም። ብናገር እወጣለሁ፣ ብወጣ ደግሞ አለቀልኝ። ዝም አልኩ። አስተማሪው ተናደደ፤ አንደኛ የምትወጣ ልጅ ዛሬ ምን ነካት እያለ ጮኸብኝ። እኔ እቴ፣ ድርቅ! በመጨረሻ ብቻዬን ቀረሁ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አባቴ በሩ ላይ ቆመ። ቆቡን አውልቆ እጅ ነሳና ጋሪው ሊያመልጠን ነው፣ ልጄን ልቀቁልኝ አለ። አስተማሪው ከወንበሩ ተነሥቶ በአክብሮት ተቀበለው።

«አባት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። «መልሱን ሳትናገር ከዚህ ንቅንቅ አትልም።»

አባቴ ማንበብ አይችልም። ሰሌዳውን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ አጠገቤ መጥቶ፣ አስተማሪው በማይሰማው በአገውኛ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ።

«ታውቂዋለሽ አይደል?»

አባቴን መዋሸት አቃተኝ። አዎ አልኩት፣ እንባዬም መጣ። እሱ ቆቡን መልሶ ራሱ ላይ ደፋ።

«እንግዲያው አትናገሪው» አለኝ። «እኔም ለሽማግሌዎቹ መምህሩ ከለከለኝ እላለሁ።»