በነብሪ ጆሮ ላይ የወጣው ዕጢ

ፈንታሁን ከደሴ መጥቶ መቀሌ ከከተመ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ሥራው በቁሓ መንገድ ዳር ባለች አንዲት የእንስሳት ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ከከብት፣ ከበቅሎና ከውሻ የተወሰደ ዕጢ በስሱ ተቆርጦና ቀለም ተቀብቶ በመስታወት ስላይድ ሲቀርብለት፣ በማይክሮስኮፕ አይቶ ዓይነቱን ይለያል። ሐኪሞቹ ይፈርማሉ እንጂ የሚያነበው እሱ ነው። ሰዉ ሁሉ «ዶክተር» ይለዋል፤ አይደለሁም ማለት ከሰለቸው ቆይቷል።

አንድ ግትር ልማድ ነበረው። ከናሙናው ጋር የሚመጣውን ወረቀት አጥፎ ቁጥሩን፣ የእንስሳውን ዓይነትና ዕጢው የወጣበትን ቦታ ብቻ ያያል። የባለቤቱን ስም፣ የእንስሳውን ዕድሜና ታሪክ አያነብም። ነገሩ ያለ ምክንያት አልነበረም። በመጀመሪያው ዓመት ገብረሃንስ የሚባሉ ጋሪ ነጂ ሽማግሌ ስለ በቅሏቸው ፊቱ ቆመው አለቀሱ። አንጀቱን በሉትና ክፉውን ዕጢ «ደኅና ነው» ብሎ ጻፈላቸው። በቅሎዋ ሦስት ወር ሳትቆይ ሞተች። ከዚያ ወዲህ ታሪክ የሚባል ነገር መስማት ጠላ።

በ2004 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ወይዘሮ ለተመድህን ከዓይናለም መንደር መጡ። ብቻቸውን የሚኖሩ ዶሮ አርቢ ናቸው፤ ቤታቸውንም ዶሮዎቻቸውንም የሚጠብቀው ነብሪ የሚባል ውሻቸው ነው። ጆሮው ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያክል ቀይ እብጠት ወጥቶበት፣ ሐኪሙ ከእብጠቱ ቆንጥሮ ናሙናውን ልኳል። ውጤቱ ክፉ ከሆነ ነብሪ በመርፌ ይገደላል ተብለዋል።

«ዶክተር ወደይ፣ ልጄ፣ ነብሪ እኮ ገና...» ብለው ሲጀምሩ ፈንታሁን አቋረጣቸው።

«ታሪኩን ለሐኪሙ ይንገሩ እናቴ። እኔ የማነበው ስላይዱን ነው።»

ስላይዱን አስቀምጦ አጎነበሰ። አጎንብሶም ግራ ገባው። ሴሎቹ ክብ ክብ ናቸው፤ ክብ ሴል ያለው የውሻ ዕጢ ደግሞ አራት አምስት ዓይነት ነው፣ እንደ አንድ እናት ልጆች ይመሳሰላል። አንደኛው ነው እንዳይል፣ ሰማያዊ ቀለም ሲቀባ በሴሉ ውስጥ መታየት የነበረባቸው ጥቃቅን ፍሬዎች የሉም። ሌላው ነው እንዳይል፣ ቦታው አይሆንም። በመከፋፈል ላይ ያለው ሴል ብዛት ያስፈራል፤ ዳርቻው ግን ጨዋ ነው። ከሥር ደግሞ ጥቃቅን ጥቁር ሴሎች ሰፍረዋል፤ እነሱ እዚያ ምን እንደሚሠሩ አልገባውም። «አደገኛ» ብሎ በእርሳስ ጻፈ፣ ላጰሰ፣ መልሶ ጻፈ። ሻይ ጠጥቶ ቢመለስ ያው፣ በማግስቱ ቢያይ ያው። ሌንሱን ሦስት ጊዜ ወለወለ። ምስኪን ሌንስ ምን አደረገ!

በሦስተኛው ቀን ወይዘሮ ለተመድህን ለውጤት መጡ። ፈንታሁን በእርሳስ የጻፈውን በእስክሪብቶ ሊያጠነክረው እጁን አንስቷል። ሴትዮዋ ፊቱን አይተው ደነገጡ።

«እንታይ ኮይኑ? ምን ሆነ? ዋይ ነብሪየይ! ዓመት እንኳ ሳይሞላው!»

የፈንታሁን እጅ ቆመ። «ስንት ወሩ ነው?»

«ዐሥራ አንድ። ልነግርህ ስል እኮ አልሰማኸኝም፣ ወደይ።»

የታጠፈውን ወረቀት ዘረጋ፤ እውነትም ዐሥራ አንድ ወር ይላል። አቧራ የጠጣውን መጽሐፉን ገለጠ። በልጅ ውሻ ቆዳ ላይ የሚወጣ፣ ሲያዩት የሚያስፈራ፣ ነገር ግን በራሱ ጊዜ የሚከስም ዕጢ አለ፤ ዋናው መለያው ዕድሜ ነው። በተማሪነቱ አንብቦት ነበር። እነዚያ ከሥር የሰፈሩት ጥቃቅን ሴሎችም የገላው ዘበኞች ናቸው፣ ዕጢውን ማጥፋት ጀምረዋል።

«ታዲያ ካንሰር ነው ወይስ አይደለም?»

«ይመስላል... ግን አይደለም። ሁለት ወር እንጠብቅ።»

ወይዘሮ ለተመድህን ከሱ ብሰው ግራ ተጋብተው ሄዱ።

በሰኔ ነብሪን አስከትለው፣ ዐሥር እንቁላል በዘንቢል ይዘው መጡ። የውሻው ጆሮ ልሙጥ ብሏል። ፈንታሁን በደስታ የሚሆነውን አጣ፣ ውሻውን ደጋግሞ አሻሸው። እሳቸውን ከሸኘ በኋላ ግን አንድ ነገር ውስጥ ውስጡን ይቆጠቁጠው ጀመር።

አሮጌዎቹን መሳቢያዎች ከፈተ። የአሥራ አራት ዓመት ስላይድ ከነታጠፈ ወረቀቱ ተደርድሯል። «ውሻ፣ ቆዳ» ከሚሉት አንዱን አነሳና ወረቀቱን ዘረጋው። ዕድሜ፦ ስምንት ወር። ውጤት፦ አደገኛ፤ የገዛ እጁ ጽሑፍ ነው። ከሥር ሐኪሙ «በመርፌ ተገድሏል» ብሎ ፈርሟል። ፈንታሁን ስላይዱን ማይክሮስኮፑ ላይ አስቀመጠው፤ መብራቱን ለማብራት ግን እጁ እምቢ አለው።