የበረኛው ሰላምታ

አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ የደረቡት በርኖስ በዝናብ ርሶ የበግ ጠጉር ይሸታል። በልጅነቴ መሐል ሜዳ ከተማ ያሸተትኩት ሽታ ነው።

ከሞላሌ ትምህርት ቤት ጋር አንድ ለአንድ ሆነን ጨዋታው ሊያልቅ ሲል፣ የበረኛችን የሽፈራው የክርስትና አባት ከጎሉ ጀርባ መጡ። የሞላሌ ሰው ናቸው፤ እርጥብ በርኖስ ደርበዋል።

«እንዴት ዋልክ ልጄ?» አሉት።

ሽፈራው ዞሮ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል ኳሷ ገባች።

«ሸጥከን!» ብለን ጮህንበት።

«ምን አጠፋ? ጨዋ ልጅ ነው» አሉ እሳቸው።

«እኛ የፈለግነው በረኛ ነው፤ ጨዋ ልጅማ ሞልቷል!» አለ አምበላችን።

ክረምቱን ሙሉ ሽፈራውን አላናገርነውም።

አሁን አውቶቡሱ ሲቆም ሽማግሌው ሊወርዱ ተነሡ። እኔም ብድግ ብዬ ጎንበስ አልኩላቸው። ያችን ጎል ግን ዛሬም ይቅር አላልኩም።