ነፋስ ያሳደረው እንግዳ

አዳማ ውስጥ ለዓመታት ፔንሲዮን አስተዳድሬያለሁና ስለ እንግዳ ማንም የሚያስተምረኝ ያለ አይመስለኝም ነበር። ከአዳሚ ቱሉ ወጣ ብሎ፣ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ባለች ትንሽ መንደር ጣሊያን የሠራውን አሮጌ ማረፊያ ቤት ከወራሾች ስከራይም ይኼንኑ ትዕቢቴን ይዤ ነው የሄድኩት። ቤቱን ይዘውት የኖሩት ሴትዮ ከሞቱ በኋላ ተዘግቶ የሌሊት ወፍ ሰፍሮበት ነበር።

ወደ ድሮ መልኩ እመልሰዋለሁ ብዬ ማልኩ። ወራሾቹ አንድ የጥንት ፎቶግራፍ ሰጥተውኝ ነበር፤ እሱን እንደ ዳዊት ስደግመው ከረምኩ። በሮቹ ላይ የተደራረበውን ቀለም ሁሉ አስፋቅሁ። የወለሉ ጣውላ አንድ በአንድ ተነቅሎ፣ ተልጎ ተመለሰ። ፎቶው ላይ ያለ ይኖራል፣ የሌለ ይወጣል፤ ሕጌ ይኼ ነበር። ሐይቁን ፊት ለፊት በሚያየው በረንዳ ላይ ደግሞ ግድግዳውን ተከትሎ የተሠራ ረጅም የድንጋይ መደብ ነበር። ፎቶው ላይ የለም። «ይፍረስ» አልኩ።

ግንበኛው የወለንጪቲ ሰው፣ አዛውንት ናቸው። መዶሻቸውን መሬት አስቀምጠው፣ «ይኼን መደብ ያለ ምክንያት አልሠሩትም። የመንደሩን ሰው ጠይቀሻል?» አሉኝ።

«አባባ፣ ፎቶው ላይ የለም እኮ!»

«እሱስ የለም» አሉና ማፍረስ ጀመሩ። በማግስቱ መደቡ ከነመሠረቱ ተነቅሎ ወጣ። በሐይቁ በኩል ፍየል እየገባ ስላስቸገረኝም የብረት በር አስገጥሜ ጥበቃ አቆምኩበት። መንደርተኛው ሲያልፍ ያያል፣ «አካም ጅርቱ» ብሎ ሰላም ይለኛል፣ መንገዱን ይቀጥላል። አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። ወደውልኝ ነው ብዬ ተደሰትኩ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው ለእንደኔ ዓይነቷ ነው።

ሥራ ከጀመርን ሁለት ወር እንኳ አልሞላንም። የገበያ ቀን ነበር፤ ከአዳማ የመጡ እንግዶች በረንዳው ላይ ተቀምጠው ዓሣ እየበሉ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሣ። ያ ሐይቅ ጠዋት ተኝቶ ይቆይና ከሰዓት ይቆጣል፤ ይኼን እኔም አውቅ ነበር። አንዲት አሮጊትና ጎልማሳ ልጃቸው ከገበያ የገዙትን ተሸክመው የብረቱ በር ላይ ቆመው አየሁ። ጥበቃው «አልጋ ፈልጋችሁ ነው?» ሲላቸው ሰማሁ። አሮጊቷ በብረቱ መሃል በረንዳውን ትክ ብለው አዩና፣ «አይ ልጄ፣ ስናልፍ ነው» አሉት። ወርደው ጀልባቸው ውስጥ ገቡ። ልጅየው መቅዘፍ ጀመረ። ከእንግዶቼ አንዷ ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሣቻቸው። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ «ደስ አይልም?» ብዬ እጄን አውለበለብኩላቸው።

ወጥ ቤት የምትሠራልኝ ሴት የዚያው መንደር ተወላጅ ናት። ሳህን ልታነሣ ወጥታ ጀልባዋን ስታይ የያዘችው ሁሉ ከእጇ ወደቀ።

«ኡኡ! በዚህ ነፋስ! ማን ለቀቃቸው?»

«ምን መልቀቅ አለው? ወደ ቤታቸው እየሄዱ ነው» አልኳት።

«የት ይደሩ ታዲያ፣ እትዬ? መደባቸውን አፍርሰውባቸው!»

ክው አልኩ። በተሰባበረው ሳህን መሃል ቆማ ነገረችኝ። መደቡን ያሠሩት ሟቿ ባለቤት ናቸው፤ ያሠሩትም ሐይቁ መሃል ባሉት ደሴቶች ለሚኖሩት ሰዎች ነው። ገበያ ውሎ ነፋስ ያገደው ሁሉ እዚያ ጋደም ብሎ ያድርና ውሃው ሲተኛ ማለዳ ይሄዳል። ነፋስ ያሳደረው እንግዳ አይከፍልም፣ ከየት መጣህም አይባልም። የቤቱ ደንብ ይኼ ነበር።

«ለምን አልነገራችሁኝም?» ብዬ ጮህኩባት።

«አውቀው ያፈረሱት ነዋ የመሰለን! በሰው ቤት ምን ብለን እንጠይቅ?»

ይሉኝታ! አንድ መንደር ሙሉ ክፉ ሴት ናት ብሎ አምኖ በየጠዋቱ በትሕትና ሰላም ሲለኝ ከርሟል። የደሴቱም ሰዎች ቢሆኑ መቀመጫ ካልተሰጠን አንለምንም ብለው፣ ያን ሁሉ ሳምንት ነፋሱን ሲጋፈጡ ኖረዋል። ይኼን ስሰማ ዓይኔን ከጀልባዋ ላይ አልነቀልኩም። ከዳርቻው ደንገል ወጣ እንዳለች ወደ ጎን ዘመም አለች። ቀጥሎ የልጅየው ጭንቅላት ብቻ ታየኝ፤ ቆይቶ እሱም ጠፋ።

ጫማዬ የት እንደወለቀ እስከ ዛሬ አላውቅም። የመንደሩ ዓሣ አጥማጆች የሞተር ጀልባቸውን ሲያስነሡ እኔ እስከ ወገቤ ውሃ ውስጥ ገብቼ እጮህ ነበር። «ሰው ገደልኩ፣ ሰው ገደልኩ» ስል እንደነበር ወጥ ቤቷ ናት ኋላ የነገረችኝ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ይዘዋቸው መጡ። ልጅየው በአንድ እጁ እናቱን፣ በሌላው የተገለበጠችውን ጀልባ ጨብጦ ነው ያገኙት። ጋቢ ደራርበን ወደ ቤት አመጣናቸው። ከሁሉ የተሻለውን ክፍል ከፍቼ፣ «እማማ፣ ይግቡ» ብዬ ለመንኳቸው። አልገቡም። መደቡ የነበረበት ቦታ ሄደው ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። ከቀሚሳቸው የሚወርደው ውሃ ከሥራቸው ተንጣለለ።

ፊታቸው ተንበረከክሁ። ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ምነው በረገሙኝ። ጥፋቱ የራሳቸው ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ምን አጥፍተን ነው? የበደልንሽ ካለ እኮ ሽማግሌ ብትልኪብን መጥተን ይቅርታ እንጠይቅሽ ነበር።»